እኩል ደመወዝ፣ እኩል ያልሆነ ኑሮ

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ በአንድ ፋብሪካ ማሽን ላይ እሠራለሁ። አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ የሚያገኘው ደመወዝ ከእኔ አይለይም፤ ሆኖም እሱ ልጆቹን የግል ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ እኔ ወሩ ሳይጋመስ ከሱቅ በዱቤ መውሰድ እጀምራለሁ። እሱ የሚኖረው የምድር ባቡር ሠራተኛ ከነበሩት አባቱ በተላለፈለት የቀበሌ ቤት ነው፤ እኔ ከገጠር መጥቼ ከግለሰብ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ዘመዶቼ «ገንዘብ አያያዝ አታውቅም» ይሉኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው? (ከመጋላ)

መልስ፦ አይደለም። በሁለታችሁ መካከል ያለው ልዩነት የመጣው ከአያያዝ ሳይሆን ከቤቱ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ከገበያው ተለይቶ እጅግ ዝቅተኛ እንደሆነ ለዐሥርት ዓመታት ቆየ። ያን ጊዜ ቤት የደረሰው ቤተሰብ፣ ደሃም ቢሆን፣ ለልጁ ሊያወርሰው የሚችል ጥቅም አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ የገባው ግን አከራዩ በጠራው ዋጋ ይኖራል። ባልደረባዎ ለትምህርት ቤት የሚከፍለውን ገንዘብ እርስዎ ለአከራይዎ ይከፍላሉ። ይህን ስል ባልደረባዎ ባለጸጋ ነው ማለቴ አይደለም፤ የብዙ ቀበሌ ቤቶች ጣሪያና ግድግዳ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም።

የሚኖሩበት ከተማም ሲቆረቆር ጀምሮ የሰውን ደረጃ በሰፈር የለየ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ ከዚራ የተባለው ሰፈር በቀጥተኛ ጎዳናዎችና በዛፍ ጥላ ተነድፎ ሲሠራ፣ የእርስዎ ሰፈር መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለ ፕላን አደገ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ጎርፉ ጠራርጎ የወሰደው በወንዙ ዳር የተጠጉትን ቤቶች ነበር፤ እዚያ ቤት የሚሠራውም ሌላ ቦታ የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ያለ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል መቆየቱ በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው። ለእርስዎ ቶሎ የሚጠቅመው የቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ2 ዓመትም ማነስ የለበትም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። የእርስዎ ውል በቃል ብቻ ከሆነ፣ አከራይዎ ቀጣዩን ጭማሪ ከመጠየቃቸው በፊት በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይጠይቁ።