ሪፖርቱ ከመቶ በላይ፣ ፓምፑ ደረቅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ራሴን አየሁበት። «ወረዳ ላይ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። የሁሉም ሴክተር ክንውን ከ95 በመቶ በላይ ነው፤ ሕዝቡ ግን በየስብሰባው ያማርራል። ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት የጨረስኩት ሪፖርት ስደምር ነው። ከቀበሌ የመጣውን እደምራለሁ፣ አሳምራለሁ፣ ወደ ዞን እልካለሁ። ዞንም ደምሮ ወደ ክልል ይልካል።

ያነቃኝ ውሃ ነው። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት «12 የእጅ ፓምፕ ለመትከል ታቅዶ 14 ተተክሏል» ይላል። ጭብጨባ! በሚያዝያ ለሌላ ጉዳይ አንዷ ቀበሌ ሄደን፣ ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው ፓምፑን አልፈው ወደ ወንዝ ሲወርዱ አየሁ። አጥሩ አምሯል፣ ሲሚንቶው ገና አዲስ ነው፤ እጀታውን ስትነቀንቂው ግን የሚወጣው አየር ብቻ ነው። ውስጡ ያለች ትንሽ የላስቲክ ማሸጊያ አልቃለች፤ የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ቢሰበስብም መለዋወጫው ወረዳ ከተማ ላይ የለም። እንግዲህ ሪፖርቱ ውሸት ነበር? አልነበረም። 14ቱም ተተክለዋል። እኛ የጠየቅነው «ስንት ተከላችሁ?» ብለን ነዋ፤ «ዛሬ ውሃ ይሰጣል ወይ?» ያለ ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ ቅጹ ላይ ሁለት ዓምድ ጨመርኩ፦ በሄድንበት ቀን ይሠራል ወይስ ቆሟል፣ ከቆመስ ስንት ቀኑ። ሌላውን መለኪያ ሁሉ ብትተዪው እንኳ ይህንን አትተዪ።

ሁለተኛው ነገር መዝገብ ነው። ጤና ጣቢያዎች ሪፖርታቸውን ከመዝገብ ጋር የሚያመሳክሩበት ዘዴ አላቸው፤ 12 የመረጃ ዓይነቶች በዕጣ ይመርጡና በሪፖርቱና በመዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር መግጠሙን ያያሉ። ይህንን ሐሳብ ወስጄ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር አገልግሎቱ በሦስት ቀን ያልቃል ይላል፤ መዝገቡም በሦስት ቀን አልቋል ይላል። አሥር ባለጉዳይ መርጬ ስልክ ደወልኩ። አንድ አባት «ልጄ፣ ሦስት ቀን የሚባለው እኮ አምስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ነው» አሉኝ። ለካስ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው «ሰነዱ ተሟላ» ተብሎ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው «ነገ ና» የትም አይጻፍም። ስለዚህ ባለጉዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣበትን ቀን የሚይዝ ወረቀት በር ላይ ይሰጠው። ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። (የአስተያየት መስጫ ሳጥኑን ነገር ተይው፤ የእኛ ቢሮ ሳጥን ቁልፍ የነበረው ቅሬታ የሚቀርብበት ሰው ኪስ ውስጥ ነው።)

የማኅበረሰብ ውጤት መመዘኛ ካርድስ (ተጠቃሚው ሕዝብ ራሱ ለአገልግሎቱ ነጥብ የሚሰጥበት) ላልሽው፣ ጥሩ ነገር ነው። ሕዝቡ አገልግሎት ሰጪውን የሚጠይቅበት፣ ማኅበራዊ ተጠያቂነት የሚባለው አሠራር በ1998 ከመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ጋር መጣ፤ በኋላ ጤናው ወስዶ ጤና ጣቢያን በጥበቃ ጊዜ፣ በመድኃኒት አቅርቦት፣ በንጽሕና፣ በአምቡላንስ እና በመሳሰለው ያስመዝንበታል። ችግሩ ማን ይመዝናል የሚለው ነው። ቀበሌው ከመረጠልሽ ያው ሁልጊዜ ስብሰባ የሚጠሩት ሰዎች ይመጣሉ፤ ኃላፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ ደግሞ ይሉኝታ ይዟቸው ለሁሉም «በጣም ጥሩ» ይሰጣሉ። ሴቶችን ለብቻ፣ ወጣቱን ለብቻ፣ አካል ጉዳተኞችን ለብቻ አስመዝኚ፤ ከኃላፊዎቹ ጋር የሚደረገው የገጽ ለገጽ ውይይት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በውጤቱ አረንጓዴ (ጥሩ)፣ ቢጫ (መካከለኛ)፣ ቀይ (ደካማ) እያሉ ቀበሌ መቀባቱን ግን ተጠንቀቂ። ቀይ ተቀብቶ በስብሰባ ላይ የተዋረደ የቀበሌ አመራር በሚቀጥለው ሩብ ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል፤ መሬት ላይ ምንም ሳይቀየር። ቁጥሩን ዱላ ካደረግሽው ይዋሽሻል። እኔ ያገኘሁትን ነገር መጀመሪያ ለሚመለከተው ኃላፊ ለብቻው አሳይቼ፣ ሁለት ሳምንት ሰጥቼ ነበር ወደ አስተዳዳሪው የማወጣው። እንዲያም ሆኖ ተጠምጃለሁ፤ አንዱ ኃላፊ ለወራት ሰላምታ ነስቶኛል።

ጊዜውንም አስቢበት። በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ድልድሉ የሚታሰበው ግን ከዚያ በፊት ነው። የመስክ ምልከታሽን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አድርጊው፤ መለዋወጫ መግዣ የሚገባልሽ ያኔ ነው፣ ውሃውም የሚፈተነው በበጋ ነው። እኔ የፓምፖቹን ቆጠራ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሐምሌ ላይ ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ፣ በጀቱ ጸድቆ ያለቀለት። ሰዉም በየደጁ የዝናብ ውሃ እያጠራቀመ ስለነበር ስለ ፓምፕ የሚያወራኝ አጣሁ።