ተመልሶ የሚያይ ወፍ

ይድረስ ከጦሳ ሥር እስከ ደላንታ ችግኝ ለምትተክሉ ልጆቼ፤

በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ስክረብ ጄይ የሚባል፣ ከቁራ ወገን የሆነ ሰማያዊ ወፍ አለ። ምግብ ሲተርፈው መሬት ውስጥ ይቀብራል፤ ሲርበው ወደ ደበቀበት ይመለሳል። ምኑን የት መደበቅ እንዳለበት በምን ይማራል የሚለው ጥያቄ በደን ሙያ ባገለገልሁበት ዘመን ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ መልሱ ለእናንተም ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

ተመራማሪዎቹ ኒኮላ ክሌይተንና አንቶኒ ዲኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ወፎቹ አሸዋ በተሞላ ትሪ ውስጥ ኦቾሎኒና የሰም ትል የሚባል የእሳት እራት እጭ እንዲቀብሩ ተደረገ። ትሉን አብልጠው ይወዱታል፤ ነገር ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ከቀበሩ 4 ሰዓት ቆይቶ ሲለቀቁ ትሉን ወደ ቀበሩበት ሄዱ፤ 124 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ትሉን ትተው የኦቾሎኒውን ቦታ መረጡ። ልብ እንድትሉልኝ የምሻው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ትሉን ሁልጊዜ ትኩስ ሆኖ ያገኙት፣ መበስበሱን አይተው የማያውቁት ሌሎቹ ወፎች ግን ያን ያህል ጊዜ ካለፈም በኋላ ትሉን ከመፈለግ አልቦዘኑም። ክሌይተንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት ደግሞ፣ ሲቀብሩት ትኩስ የነበረ ምግብ ሲመለሱ ዘወትር ተበላሽቶ የሚጠብቃቸው ከሆነ ወፎቹ ያንን ምግብ መደበቅ ይተዋሉ። የሚማሩት ሲቀብሩ ሳይሆን ተመልሰው ሲቆፍሩ ነው።

በእኛ ዘንድ ችግኙ በክረምት ይተከላል፣ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ሪፖርቱ ይላካል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ወደ ተዳፋቱ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። እናንተ በጥርም በየካቲትም ተመለሱ። የደረቀውን ወይራ ነቅላችሁ ሥሩን እዩት፤ ችግኙ ያደገበት ፕላስቲክ ሳይወልቅ ተተክሎ ከሆነ ሥሩ ዙሪያውን ተጠምዝዞ፣ ጉድጓዱ ጠቦ ከሆነም ወደ ላይ ታጥፎ ታገኙታላችሁ። ሥሩ ደኅና ሆኖ ጫፉ ከተቀነጠሰ ግን የበላው ከብት ነው፤ ያንን ጉድጓድ በማስፋት አታድኑትም፤ ከአካባቢው አባወራዎች ጋር ስለ ግጦሹ መስማማት ይገባል። የጸደቀውንም አትለፉት፤ በየትኛው እርከን ላይ እንደቆመና ውኃው በየት በኩል እንደሚደርሰው መዝግቡ፤ በዚያ ከብት የሚያግዱትን አዛውንትም ጠይቋቸው። ለመጪው ሐምሌ ቦታ የምትመርጡት ይህን መዝገብ ይዛችሁ ይሁን።