ሰላጣውን በበረኪና ልጠበው ወይስ ልተወው ላልሽው እህት

«ሰላጣና ካሮት ቆራርጬ ለሆቴሎች ላቀርብ ነው። ቅጠሉ ላይ ጠቃሚ ባክቴሪያ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ታዲያ በበረኪና ልጠበው?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ሰሜን ሸዋ ነኝ ስላልሽ ደብረ ብርሃን ብዬ ገምቻለሁ። ብርዱና ውኃው የእኛው ከሆነ የደረሰብኝ ሁሉ ይደርስብሻል።

አንደኛ፣ ጥሬውን የሚበላ ከሆነ በረኪና ያስፈልጋል፤ ግን ለኪው። ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶው ከሆነ ለ1 ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ጭቃውን አስቀድመሽ አራግፊ፤ አፈር የበረኪናውን ጉልበት ይጨርሰዋል።

ሁለተኛ፣ ዋናው ነገር ከታጠበ በኋላ የሚሆነው ነው። እኔን ያከሰረኝም እሱ ነው። ባለፈው የነቢያት ጾም ሆቴሎች ሰላጣ ሲሻሙ በረኪናውን ሳልለካ ገለበጥኩት። እጄ ተላጠ፣ ቅጠሉ ግን አበራ! ከዚያ ክዳኑ በተሰበረ ሮቶ ውኃ አለቀለቅሁት። ውርጭ እንዳይመታብኝ ብዬ ደግሞ በላስቲክ አሥሬ ከምድጃው አጠገብ አሳደርኩት። ጠዋት ላስቲኩ ተነፍቷል፤ ቅጠሉ እንደ ተነከረ ተልባ ይሙለጨለጫል። ሆቴሉ መለሰልኝ። የዋዜማውን የበሉ ሁለት ሠራተኞችም ሆዳቸውን ታመሙ። የእኔ ሰላጣ ይሁን ሌላ የመረመረ የለም፤ የጠፋው ግን የእኔ ስም ነው።

የምግብ ሳይንስ የተማረው የእህቴ ልጅ ነው በኋላ ያስረዳኝ። ቅጠሉ ላይ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ሰው አይጎዱም። ቦታውን ይይዛሉ፣ ከቅጠሉ የምትወጣውን ጥቂት ስኳር ይቀራመታሉ፤ አንዳንዶቹም አሲድና ባክቴሪዮሲን የሚባል ፕሮቲን እያመነጩ ሌላውን ያዳክማሉ። በረኪና ከሁሉም ከመቶ 90 እስከ 99 ያህሉን ቢቀንስ ነው እንጂ አይጨርስም። ከዚያ ሳልሞኔላ ወይም ኢ. ኮላይ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ በቆሻሻ ውኃ ከመጣ፣ ተቀናቃኝ ያነሰበት ቤት ያገኛል፤ ምድጃ ዳር ሲያድርማ ምን ቀረው? ሊስቴሪያ የሚባለው ሌላው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥም ይራባል። «እንግዲያው ሳላጥብ ልተወው» እንዳትይ ግን፤ ጥሬ ቅጠል ላይ ያሉት ጠባቂዎች አቅማቸው ትንሽ ነው። በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ አለቅልቂው፣ በደንብ አንጠፍጥፊው፣ ወዲያው አቀዝቅዢው፣ በማግሥቱ አስረክቢው።

የሮቶዬን ውኃ ላስመርምር ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊው የሉም፤ ሁለተኛው ቀን ስብሰባ ነው። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ለሰላጣ ነው ይህ ሁሉ?» አለችኝ። ወጥቼ አዲስ ሮቶ ከነክዳኑ ገዛሁ።

ሦስተኛ፣ ካሮቱን በበረኪና አትንኪው! ማለቴ በጨው ተቀምጦ የሚጎመዝዘውን። እናቴ የባቄላ ዱቄቱንና ሱፉን አብስላ፣ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ ጨምራ ስልጆ ስታስቀምጥ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ሥራው ያው ነው። ካሮቱን በንጹሕ ውኃ ብቻ አጥቤ እፈቀፍቀዋለሁ። ለ1 ኪሎ 20 ግራም ጨው አሽቼ፣ የራሱ ውኃ እስኪሸፍነው ጠርሙስ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። ከራሱ ልጣጭ የመጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ጨውን ስለሚችሉ ያሸንፋሉ። አረፋ ያወጣል፣ ይጎመዝዛል። በእኛ ብርድ ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል፤ አሲድነቱን የሚያሳየው የፒ.ኤች. መለኪያ ወረቀት (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4 በታች ካላሳየ አልሸጥም። እዚያ ላይ ሲደርስ ሳልሞኔላ መራባት አይችልም። አንዱ ነጋዴ «ጠቃሚ ባክቴሪያ» የሚል ዱቄት በ1,800 ብር ሊሸጥልኝ መጥቶ ነበር፤ ካሮቱ በነጻ ይዞት የመጣውን! ሰላጣዬን የመለሰው ሆቴል ዛሬ ከዚህ ካሮት በሳምንት 6 ኪሎ ይወስዳል፤ ዋጋውን የምቆርጠው እኔ ነኝ።

አራተኛ የምለው ነበረኝ፤ ግን በቅድሚያ የሮቶሽን ክዳን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።