ዳታ አናሊስቱን ከመቅጠርዎ በፊት የላኩለትን ፋይል ይክፈቱት

ጥያቄ፦ አነስተኛ የንግድ ድርጅት አለኝ። የሽያጭ መረጃችንን የሚተነትንልኝ ዳታ አናሊስት መያዝ እፈልጋለሁ። በቋሚነት ልቅጠረው ወይስ በአገልግሎት ውል ላሠራው? ሰሞኑን የላከልኝ ሁለተኛው ሪፖርት በጣም ስለጠቀመኝ ሌላ ሰው ሳይወስድብኝ ቶሎ መፈራረም እፈልጋለሁ። ስለ ደንበኞቼ መረጃ እንኳ ስጋት የለኝም፤ ስምና ስልካቸውን ደብቄ ነው የላክሁት።

መልስ፦ የጠየቁኝን ባጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልለፍ። የሥራ ሰዓቱን እርስዎ የሚወስኑ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩንም ከሰጡት፣ በየቀኑም የሚያዙት ከሆነ፣ ወረቀቱ «የአገልግሎት ውል» ቢልም ሕግ እንደ ተቀጣሪ ሊያየው ይችላል። በራሱ መንገድ ሠርቶ ውጤቱን ብቻ የሚያስረክብ ከሆነ የአገልግሎት ውል ይሻላል። ያኔ ግን በብዙ አገሮች መብቱ በጽሑፍ ካልተላለፈ የሥራው ባለቤት ባለሙያው ራሱ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሪፖርቱ ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለው ኮድና ፎርሙላም የድርጅቱ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው። «ሁለተኛው ሪፖርት» ብለዋል። አንደኛውም ነበረ ማለት ነው። ሰውየው ሥራ ጀምሯል፣ መረጃውም እጁ ገብቷል፣ ውል ግን የለም። ይህን በጎን አልፈው «ልቅጠረው ወይ?» ማለትዎ ትንሽ አስገርሞኛል።

«ደብቄ» ያሉትስ? እንዴት ነው የደበቁት? ይህን የምጠይቃቸው ባለጉዳዮች አብዛኞቹ መልሳቸው አንድ ነው፦ ኤክሴል ላይ የስሙን ዓምድ «ሃይድ» አድርገውታል። ይህ ከዓይን መሰወር እንጂ ማውጣት አይደለም። ተቀባዩ ግራና ቀኝ ያሉትን ዓምዶች መርጦ «አንሃይድ» ሲል ስሙ ከነስልኩ ብቅ ይላል። ድምሩን ብቻ በፒቮት ቴብል (ኤክሴል ብዙ ረድፎችን ጠቅልሎ በሚደምርበት ሰንጠረዥ) የላኩትም ብዙ ጊዜ አያመልጡም። ዋናውን ሰንጠረዥ ቢሰርዙት እንኳ ግልባጩ ፋይሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። አንዱን ድምር ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት ከሥሩ ያሉት ረድፎች በአዲስ ገጽ ይዘረገፋሉ። እባክዎ የላኩትን ፋይል አሁኑኑ ከፍተው ይሞክሩት። ውሉን ከማርቀቅ ይህ ይቀድማል።

ለምን አከረርክ አይበሉኝ። ደንበኛው ስልኩን ያመነው እርስዎን ነው፤ አናሊስቱን አያውቀውም። መረጃው ቢያፈተልክ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእርስዎ በር ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ የደንበኞቹን መረጃ ለውጭ ባለሙያ ሰጥቶ የሚያሠራ ድርጅት የጽሑፍ ውል እንዲኖረው ያስገድዳል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የራሷን የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥታለች። የትኛው ሕግ እርስዎን እንደሚመለከት የሚሠሩበት ቦታና የደንበኞችዎ ማንነት ይወስነዋል፤ ይህን በግምት አይሥሩት፣ ጠበቃ ያማክሩ።

ለሽያጭ ትንተና እኮ ስም ምንም አያደርግም። የደንበኛ ቁጥር፣ ቀን፣ የዕቃ ዓይነትና መጠን ይበቃል። አዲስ ባዶ ፋይል ይክፈቱና እነዚህን ብቻ «ፔስት ቫልዩስ» በሚለው፣ ፎርሙላውን ትቶ የሚታየውን ቁጥርና ጽሑፍ ብቻ በሚለጥፈው ትእዛዝ ይገልብጡ። ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ከእጅዎ አይውጣ።

ቀድሞ የተላከውንስ? «አጥፋልኝ» ብለው ከመደወልዎ በፊት ምን፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደላኩ ይመዝግቡ። የተጻጻፋችሁትንም አይሰርዙ፤ ነገ ማስረጃዎ እሱ ነው። ከዚያ ግልባጩ ላፕቶፑ ላይ ይሁን የግል ኢሜይሉ ውስጥ፣ የት የት እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁት። በጨዋ ደንብ ይሁን። ሰውየው የሠራው ጥፋት የለም፤ የላኩለትን ነው የተቀበለው።

ስትፈራረሙ ደግሞ «ሥራ የጀመረበትን ቀን እንጻፍበት» የሚል ብልጠት ይመጣል። እንዳያደርጉት። የፈረማችሁበትን እውነተኛ ቀን ጻፉ፤ ከዚያ በፊት የተሠራውን ሥራና የተላከውን መረጃ ውሉ እንደሚሸፍን ራሱን በቻለ አንቀጽ አስፍሩ። ከመፈረምዎ በፊት ረቂቁን፣ የፋይሎቹን ዝርዝርና እስካሁን የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ረቂቁን ከኢንተርኔት አውርደውት ከሆነም አይደብቁት፤ የሌላ አገር ሕግ የሚጠቅስ ውል ፈርመው የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።