የደበዘዘ የፊት መብራት፦ የባሕር ዳር አሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቪትዜ የፊት መብራት ቢጫ ሆኗል። ላስጠርገው ወይስ ልቀይረው?

መልስ፦ ብር ከማውጣትህ በፊት ፊቱን በውሃ አርሰህ እየው። እርጥብ ሳለ ጠርቶ ሲደርቅ ከደበዘዘ ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ይወጣል። ረጥቦም ካልጠራ ከውስጥ ነው፣ ወይም ፕላስቲኩ ራሱ ተሰነጣጥቋል። ውስጥ ያለው አንጸባራቂ ጠቁሮ ወይም ተልጦ ከሆነ አትድከም፤ ፊቱ ቢጠራም መንገድ አያሳይህም። ያኔ መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ቶሎ የሚበላሸው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ፊቱ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ከፀሐይ የሚጠብቀው ስስ ልባስ ከፋብሪካ ተቀብቶ ይመጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አልትራቫዮሌት ጨረሩ ብርቱ ነው፣ ልባሱን ይበላዋል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መወልወልም ያፋጥነዋል። የድሮው ቶዮታ ዲኤክስ መብራት ብርጭቆ ስለሆነ ይህ አይነካውም።

ጥያቄ፦ በጥርስ ሳሙና ይጸዳል ይላሉ። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት የሚቀቡም አሉ። ልሞክረው?

መልስ፦ የጥርስ ሳሙና ጥቂት ይፍቃል፣ ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። የትንኙን ቅባት ግን እባክሽ ተዪው። ውስጡ ያለው ዲት የሚባል ኬሚካል ፕላስቲኩን ያሟሟዋል፤ ለጊዜው ያበራና በኋላ ያበላሸዋል፣ ቀለም ላይ ከፈሰሰም ቀለሙን ይጎዳል። ቤንዚንና ቲነርም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያመጣሉ፤ ያ በምንም አይወጣም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አሠራሩን ይንገሩን።

መልስ፦ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 800፣ 1500፣ 2000 እና 3000፣ የወረቀት ፕላስተር፣ አንድ ሊትር ውሃ ከጥቂት ጠብታ ላርጎ ጋር። መብራቱን አጥፍተህ አቀዝቅዝ፣ እጠበው፣ ዙሪያውን ቀለም በድርብ ፕላስተር ሸፍን። በ800 ወደ ጎን እያረጠብክ ፍተግ። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቢጫ ነው፤ ነጭ እስኪሆን አትተው። አሮጌው ልባስ በከፊል ከቀረ ቁርጥራጩ ከነጠርዙ ይታያል፣ አዲሱም እዚያው ላይ ይላጣል። ከዚያ በደንብ አለቅልቀህ በ1500 ወደ ላይና ወደ ታች፤ አቅጣጫ መቀያየሩ የፊተኛው ጭረት መጥፋቱን ያሳይሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከ800 ወደ 2000 ሲዘል ነው፤ ጭረቱ ፀሐይ ላይ ይወጣል።

ክሊር (በአሮጌው ልባስ ፋንታ የሚነፋ ቀለም የለሽ ቫርኒሽ) የምትቀባ ከሆነ 1500 ላይ ቁም፤ ኮምፓውንድ (ማወልወያ ቅባት) ከነካው ክሊሩ አይዝም። የማትቀባ ከሆነ 2000፣ 3000፣ ከዚያ ኮምፓውንድ።

ጥያቄ፦ ክሊሩ የግድ ነው?

መልስ፦ በዚህ ፀሐይ የግድ ነው። ያለ እሱ በወራት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል፣ ድካምህ ሁሉ ከንቱ ነው። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው፣ ከዩቪ እንደሚከላከል ጣሳው ላይ የተጻፈበት ይሁን። በአልኮል ጠርገህ አድርቀው፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀህ ሁለት ስስ ዙር ንፋ፣ በመካከል 10 ደቂቃ ጠብቅ። ወፍራም ዙር ይንጠባጠባል። ጧት ሥራው፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ አቧራ ያነሣል፣ ሲመሽ ደግሞ ትንኙ ይለጠፍበታል። ሃርድነሩ ሳንባ ይጎዳል፦ ደጅ ላይ ሆነህ፣ የጋዝ ማጣሪያ ያለው ጭንብል አድርገህ ብቻ፤ የጨርቅ ማስክ አይበቃም። 24 ሰዓት ውሃ አይንካው። ክሊር ካጣህ የመኪና ሰም በየወሩ ቀባ፣ ግን አይተካውም።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ከውስጥ ያልበዋል።

መልስ፦ ጥቂት ነድተህ የሚጠፋ ስስ ጉም ጤነኛ ነው። ጠብታ ከቋጠረ ግን ከኋላ ያለውን የጎማ ክዳን እይ፤ አምፖል ሲቀየር ሳይገጥም የሚቀረው እሱ ነው። መተንፈሻውን በሲሊኮን አትድፈነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሙሉ መብራት አግኝቻለሁ። አምፖሉንም 100 ዋት ላድርገው?

መልስ፦ አምፖሉ ይቅር። ኤች 4 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ለረጅሙ 60፣ ለአጭሩ መብራት 55 ዋት ነው፤ ከዚያ የበለጠ ሶኬቱን ያቀልጣል፣ አንጸባራቂውንም ያቃጥላል። ብርሃኑ ከደከመ ሞተር አስነሥተህ፣ መብራት አብርተህ ሶኬቱ ላይ ቮልት ለካ፤ ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ ገመዱንና ማሳውን (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን የኔጋቲቭ መስመር) አጽዳ። መብራቱን ሳትገዛ ግን ግድግዳ ፊት አብርተህ እይ። አጭሩ መብራት ከፍ የሚልበት ጎን ቀኝ መሆን አለበት። ከፍ የሚለው በግራ ከሆነ እንደ ጃፓን በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው፤ በጎንደር መንገድ ከፊትህ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ርካሽ ቢሆንም አትግዛው።