«ማን ለጥፊ አለሽ?»

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ትዕግስቴ አለቀ። ታናሽ እህቴ 24 ዓመቷ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ፉል እጥዳለሁ፤ እሷ ስልኳን ታቅፋ ታነጋለች። ዲግሪ ይዛ ሥራዋን ጥላ ከተቀመጠች 4 ወር ሆናት።

የምታየው ሁሉ የፈረንጅ ሴቶችን ነው። ረጅም ቀሚስ ለብሰው ዳቦ ይጋግራሉ፤ «ፌሚኒዝም ትዳር አፈረሰ» ይላሉ። «ነጭ ዘር ሊያልቅ ነው፣ ስደተኛ ወረረን» የሚሉም አሉባቸው። ይሄ ለጎንደር ልጅ ምኗ ነው? ቴሌግራም ላይ ደግሞ የኛዎቹ በአማርኛ ያቀርቡላታል። አሁን እሷም የማታውቃቸውን ሴቶች «ባል ያጣሽ» እያለች ትሳደባለች። በቀደም እኔን «ባልሽን ያሳጣሽ ይሄ ሥራሽ ነው» አለችኝ። ባሌን የፈታሁት ስለሚደበድበኝ ነው። ታውቃለች። በሩ ሥር ቆማ ታለቅስ የነበረች ልጅ ናት።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እንዲያውም አንዴ ማታ ከአዘዞ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ስለነካካት ሰውዬ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ለጥፋ ነበር። ወንዶቹ ተረባረቡባት፤ ፎቶዋን እየቆረጡ ተሳለቁባት። እኔም «ማን ለጥፊ አለሽ?» አልኳትና አጠፋችው። ያኔ አንዲት የማታውቃት ሴት በውስጥ መስመር «አይዞሽ» ብላ ጻፈችላት። ወደ ቴሌግራሙ ግሩፕ ያስገባቻትም እሷ ናት መሰለኝ። ይሁን፣ እሱ አለፈ።

ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ። በገዛ ቤቴ እስከ መቼ ልሰደብ? ላስወጣት ወስኛለሁ፤ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

ታላቅ እህት፣ ከጎንደር

እህቴ፣

አታስወጫት።

«እሱ አለፈ» ብለሽ የዘለልሽው ነገር አላለፈም። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት፤ ሦስቴም እዚያው ላይ ቆምኩ። ልጅቱ ታክሲ ውስጥ ተነካች። ደፍራ ተናገረች። አገር ምድሩ ሲሰድባት ወደ ቤቷ ዞር አለች፤ ቤቷም «ማን ለጥፊ አለሽ?» አላት። «አይዞሽ» ያለቻት አንዲት ባዳ ብቻ ናት። ተከትላት ሄደች። አንቺስ ብትሆኚ?

ሥራዋን የተወችው ከቪዲዮው በፊት ነው ወይስ በኋላ? አልነገርሽኝም። እኔ በኋላ ይመስለኛል። የሥራ ባልደረቦቿም ስልክ አላቸው።

እቆጣሻለሁ፣ ቻይኝ። ባልሽ ሲመታሽ «ምን አድርገሽው ነው?» ያለሽ ሰው እንደነበር አልጠራጠርም። ጥያቄው እንዴት እንደሚያቆስል ታውቂዋለሽ። ያንኑ ጥያቄ ነው ለእህትሽ የሰጠሻት።

እነዚያ ሴቶች የሚሸጡላት ዳቦውን አይደለም። መጠለያ ነው። «ዝም ካልሽ፣ ቤት ከተቀመጥሽ፣ ሌሎቹን አብረሽ ከሰደብሽ፣ አንቺን አይነኩሽም» ይሏታል። ተሰድባ ለደነገጠች ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ውሸት ነው። ሎረን ሳውዘርን የምትባል ካናዳዊት በቀኝ አክራሪዎቹ ዘንድ ዝነኛ ነበረች። ፌሚኒዝምን ስታወግዝ ያጨበጨቡላት ወንዶች «አንቺስ ለምን አላገባሽም?» እያሉ ተነሱባት። በኋላ አገባች፣ ልጅ ወለደች፣ የሰበከችውን የቤት ኑሮ ኖረችው። ትዳሩ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 ያ ኑሮ ምን ያህል እንደጎዳት በአደባባይ ተናገረች። እሷ እንኳ ከእነሱ ወገን ሆና አልተረፈችም። «ስደተኛ ወረረን» ለሚሉትማ የጎንደር ልጅ ያው የሚፈሯት ስደተኛ ናት።

የእኛም ጥፋት አለ። እኔ ፌሚኒስት ነኝ። ስለ ሴቶች መብት ቀን ከሌት የምንጽፍ ሰዎች ያን ሳምንት የት ነበርን? ያቺ ሴት ቀደመችን። ይሄ ያመኛል። አንዲት ልጅ ስትሰደብ ቶሎ ደርሶ «አይዞሽ» ማለት የኛ ሥራ ነበር።

የሴት አደባባይ መውጣት ከፈረንጅ የመጣ ነው ካለችሽ፣ እዚያው ጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ይዘሻት ውጪ። ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘውድ ጭና ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር አስተዳድራለች። ግን ክርክሩ ይቆይ። አሁን ብትከራከሪያት ወደ ስልኩ ነው የምትገፊያት።

ስለ ባልሽ የተናገረችውን ግን አትዋጪው። «እሱን ዳግም እንዳትይኝ» በያት፤ እዚያ ላይ ጠንክሪ። ፎቶዋን እየቆረጡ የለጠፉት ገጾች እስካሁን ካሉ ደግሞ ስክሪንሾት ያዙ። የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ በፆታ ላይ ያነጣጠረ ጥላቻንም ይከለክላል። መክሰስ አለመክሰሱን እሷ ትወስን፤ ከፈለገች ግን ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አብረሻት ሂጂ።

ነገ ቁርስ ቤቱን አርፍደሽ ክፈቺ። ቡና አፍዪላትና «ያኔ ሰውየው ምን እንዳደረገሽ እንኳ አልጠየቅኩሽም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አሁን ንገሪኝ» በያት።