የነጥብ ማንዳላ ለመጀመር፦ ሌሊት ተረኛ ለሆነችው እህታችን

እህቴ፣ የሌሊት ተራሽን ጨርሰሽ ቤት ስትገቢ ሐሳብሽ አልረጋ እንደሚልሽ፣ የነጥብ ማንዳላ (ከመሐል ተነሥቶ በክብ በክብ እየሰፋ፣ ድንጋይ ላይ በቀለም ነጥብ የሚሠራ ጌጥ) ለመሞከር እንዳሰብሽ፣ ነገር ግን ሥዕል እንደማትችዪና ዕቃው ጎንደር ውስጥ መገኘቱን እንደምትጠራጠሪ ጽፈሻል። በመጨረሻም «ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጭ ይሆን?» ብለሻል። ለዓመታት የሠራሁት፣ ለጎረቤት ልጆችም ያስተማርሁት ነውና በሰፊው ልመልስልሽ።

አንዳንዶች «እጅሽን ልቀቂው፣ እንደመጣልሽ አድርጊ» ብለው መክረውሻል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ደክሞሽ መጥተሽ ባዶ ድንጋይ ፊት ተቀምጠሽ «የቱ ቀለም? የት ላይ?» እያልሽ መወሰን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሚያሳርፈው ውሳኔው ሁሉ አስቀድሞ አልቆ እጅ መቁጠር ብቻ ሲቀረው ነው። መሶብ የሚሰፉ እናቶቻችንን ተመልከቺ። ከመሐል ተነሥተው እየዞሩ ስንደዶውን በአክርማ ይጠቀልላሉ፤ ሐረጉ የሚወጣው በቁጥር ስለሆነ ጨዋታ ይዘው እንኳ እጃቸው አይስትም። ማንዳላ የሚፈልገውም እንዲህ ያለ እጅ ነው እንጂ የሠዓሊ እጅ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ መስመር። በኮምፓስ ክብ ከሠራሽ በኋላ የኮምፓሱን ስፋት ሳትቀይሪ በክቡ ዙሪያ ብታራምጂው በትክክል 6 ቦታ ይከፈልልሻል፤ እያንዳንዱን ለሁለት ስትከፍዪ 12 ይሆናል። ኮምፓስ ከሌለሽ በሲኒ አፍ ዙሪያ ወረቀት ላይ ክብ አስምሪና ቆርጠሽ ሦስት ጊዜ ለሁለት እጠፊው፤ ስትዘረጊው 8 እኩል ክፍል ታገኛለሽ። ከዚያ በመሐሉ ዙሪያ እየሰፉ የሚሄዱ ክቦችን በነጭ እርሳስ በስሱ አስምሪ። አንድ ነገር አትርሺ፦ ከመሐል 2 ሳንቲ ሜትር በሚርቀው ክብ ላይ 16 ነጥብ ብታስቀምጪ በመካከላቸው 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይኖራል፤ 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ውጭ በወጣሽ ቁጥር ነጥቡ መተለቅ አለበት፣ አለበለዚያ ሥራው የሳሳ ይመስላል።

ዕቃውን በተመለከተ አትጨነቂ። አክሪሊክ ቀለም (በውኃ የሚቀጥን የሥዕል ቀለም) ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ጠይቂ፤ ነጭ፣ ጥቁርና ሌላ ሁለት ቀለም ለመነሻ ይበቃል። ለነጥብ ማስቀመጫ የእርሳስ ጀርባ፣ የምስማር ራስ፣ ስቴኪኒና ባለ ጭንቅላት ስፒል በቂ ናቸው። ድንጋይ ደግሞ በከተማችን ሞልቷል፤ ግን የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ ይበዛዋል፤ ቀለሙን ይውጠዋል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከወንዝ ዳር ውኃ ያለሰለሰውን ምረጪ። አጥበሽ በደንብ አድርቂውና ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቢው፤ ከላይ ያልሁሽን መስመር የምታሰምሪው ይህ ከደረቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ነጥቡ። መሣሪያውን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ አውርጂ፣ ቀጥ አድርገሽ አንሺ። ነጥቡ ጭራ ካወጣ ቀለሙ ወፍሯል፤ በጥቂት ውኃ አቅጥኚው። ተንጣልሎ ቅርጹን ካጣ ቀጥኗል፤ ቀለም ጨምሪበት። ድንጋዩን ከመንካትሽ በፊት ይህን በካርቶን ላይ ደጋግመሽ ሞክሪ።

እኔ ከሁሉ የምወደው በትልቁ ነጥብ ዙሪያ የሚሄደውን የትንንሽ ነጥቦች ሰንሰለት ነው። ስፒሉን አንድ ጊዜ ብቻ ትነክሪና ከትልቁ ነጥብ አናት ጀምረሽ በአንዱ ጎን ሳትነክሪ ትወርጃለሽ። ቀለሙ እያለቀ ስለሚሄድ ነጥቦቹ ራሳቸው እያነሱ ይመጣሉ። እንደገና ነክረሽ በሌላው ጎን ትደግሚዋለሽ። ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ይወጣል! ትንፋሽም ከእጅ ጋር አብሮ የሚረጋው እዚህ ላይ ነው። ልጆች ሳስተምር ጫጫታው በአንድ ጊዜ ጸጥ የሚለው እዚህ ደረጃ ላይ ስንደርስ መሆኑን ሁልጊዜ አያለሁ።

በነጥብ ላይ ሌላ ነጥብ ለመደረብ ታችኛው መድረቅ አለበት። ወፍራም ነጥብ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ደግሞ ይብስበታል፤ እንዲያድር ተዪው። ሁሉም ደርቆ ሲያልቅ በውኃ የሚሠራ ቫርኒሽ (የሚያንጸባርቅ መከላከያ ቅብ) ቀቢው። የአናጢዎቹ የዘይት ቫርኒሽ ነጩን ቀለም እያደር ቢጫ ያደርገዋል።

ስለ ሃይማኖት የጠየቅሽው ተገቢ ጥያቄ ነው። ማንዳላ በሂንዱና በቡድሃ እምነት ውስጥ የጸሎትና የተመስጦ ሥዕል ነው፤ የቲቤት መነኮሳት በባለ ቀለም አሸዋ ለቀናት ሠርተው ሲያበቁ ጠርገው ያፈርሱታል። ያ የእነርሱ አምልኮ ነው፣ ክብር ይገባዋል። እኛ ቤታችን ድንጋይ ላይ የምንሠራው ክብና ነጥብ ግን የእጅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ልብሽ ካልተቀበለው የነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ ያለ ሰላም የሚሠራ ነገር አያሳርፍም።

ለመጀመሪያሽ መዳፍሽን የሚያህል ድንጋይ፣ 8 ክፍል፣ ነጭና ሌላ ሁለት ቀለም ይሁን። ስትጨርሺ ፎቶውን እዚሁ ለጥፊልን፤ ጭራ ያወጡት ነጥቦች በግልጽ እንዲታዩ በቅርበት አንሺው፣ ቀለሙን ምን ያህል ማቅጠን እንዳለብሽ ከዚያ አይቼ እነግርሻለሁ።